በስኳር የቆመው አንበሳ

አባቴ ለርንሞር ብሎ ስም አወጣልኝ። በእንግሊዝኛ «አብዝተህ ተማር» ማለት ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በስምምነት ተለያየን፤ መምህራኑ ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ያዘነው ስሜ ብቻ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ከዚህ በታች የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ ጥፋቱን በአባቴ እንድታላክኩ ነው።

በሙታሬ ከተማ ሳኩብቫ ሰፈር ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም። ሁሉም ሳህዊራ ነው የሚለኝ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሳህዊራ አለው፤ ዘመድ ያልሆነ፣ ዘመድ የማይደፍረውን የሚናገር የቀልድ ወዳጅ። ሰው ሲሞት የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ሟቹ እየተራመደ፣ እንደ ሟቹ እያሳለ ለቀስተኛውን የሚያስቅ እሱ ነው። ምንም ቢናገር አይቀየሙትም። እኔ የኢሳኪ ቤተሰብ ሳህዊራ ነኝ፤ አባቴ ለአባቱ ነበር፣ እኔ ለእሱ። ፈተና የሌለው ማዕረግ ይህ ብቻ ስለሆነ አጥብቄ ይዤዋለሁ።

ኢሳኪ ከሞተ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ እንደ እሱ ሆኜ ስራመድ ቄሱ መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ የሚያለቅሱ መስሏት መሐረብ ያቀበለቻቸው ሴት ነበረች። ልብሱ ለወዳጅ ዘመድ ሲከፋፈል ግራጫው ካፖርት ለእኔ ደረሰኝ። ኢሳኪ ደረተ ሰፊ ነበር። እኔ ስለብሰው ካፖርቱ ባዶውን ተሰቅሎ እግር ያወጣ ይመስላል።

አሁን ወደ ዳንቴል ሥራዬ ልምጣ። የጀመርኩት እግሬ ተሰብሮ ነው። እንዴት እንደተሰበረ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በኦድዚ ወንዝ ዳር ከአዞ ጋር ስታገል ነው እላለሁ። አዞው መጀመሪያ ስናገር ክንዴን ያክል ነበር፤ አሁን አድጎ ወንዙ እየጠበበው ነው። እውነቱን የፈለገ ማይ ሙቻኔታን ይጠይቅ። የሙቻኔታ እናት፣ የኢሳኪ ሚስት የነበረችው ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ከአጥሯ ላይ የወደቅኩት የእሷን ፓፓያ ታቅፌ ነበር። ፓፓያው ምንም አልሆነም።

በጀሶ ታስሬ ደጃፌ ላይ ስቀመጥ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አላሳልፍ አልኩ። አንድ ቀን ማይ ሙቻኔታ መጥታ ኪሮሽና ነጭ ክር ጭኔ ላይ ጣለች።

«ያዝ» አለችኝ። «ቢያንስ እጅህ የት እንዳለ ልወቅ።»

እሷ የምትሠራው ካርድና አልበም ነው። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለታመመ፣ ለሐዘን፤ ወረቀቱን ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች፣ ከዚያ በኪሮሽ የተሠሩ ጥቃቅን አበቦች፣ ቅጠሎች፣ ቢራቢሮዎች ትለጥፍበታለች። የእሷ ካርድ የደረሰው ሰው መጀመሪያ ጽሑፉን አያነብም፤ አበባውን በጣቱ ይነካል። አበባዎቹን እንድሠራላት ነበር ሐሳቧ። የመጀመሪያዋን አበባዬን ይዤላት ስሄድ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

«ምንድን ነው?»

«ጽጌረዳ።»

«በሬ ከተኛባት በኋላ?»

ጣቶቼ ሙዝ ሙዝ ያህላሉ። ክሩ በላብ ጠቆረ፣ ሰንሰለቱ አንዴ ይላላል አንዴ ይታነቃል፤ አምስት ቅጠል ያልኩት አበባ ሲያልቅ ሰባት ሆኖ ይገኛል፣ የት እንደወለደ አላውቅም። ግን እግሬ እስኪድን ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። እግሬ ድኖ ዱላዬን ስጥል ኪሮሹን አልጣልኩም። ይኸው እስካሁን የአተር ፍሬ የምታህል አበባ እሠራለሁ። መጠጥ ቤት ስገባ «የአበባው እመቤት መጣች» ይሉኛል። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ እቀመጣለሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሙቻኔታ ልታገባ ስትል ነው። ልጅቷ አባቷ ሲሞት ገና በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ዛሬ በቁመት እኔን ትበልጣለች። ባሏ የግዌሩ ከተማ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ይጠግናል። ሠርጉ ሲቀርብ ቴቴ ፌሊስታስ ከሩሳፔ መጡ። ቴቴ የአባት እህት ናት፤ ሙሽራን መምከርና መቆጣት የእሷ ሥልጣን ነው። ቴቴ ፌሊስታስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሚለብሱትን ቀይ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ሸሚዙ ከመተኮሱ ብዛት እሳቸው ሲቀመጡ እሱ ቆሞ ይቀራል።

«የጓዳ ድግሱ ቅዳሜ ነው» አሉ። የጓዳ ድግስ ሴቶች ብቻ ተሰብስበው ለሙሽራዋ ድስትና ምክር የሚሰጡበት ነው። «ወንድ በአጥር ቀዳዳ እንኳ አያይም።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ገና ነህ።»

ለሙሽራዋ አልበም እንዲዘጋጅ ተወሰነ። እያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ ይኖራታል፤ ፎቶዋ፣ በእጇ የጻፈችው ምክር፣ ከዳር ደግሞ የእኔ አበባ። የመጀመሪያው ገጽ የአባትየው ነው። ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ገጽ የቴቴ ምክር።

«የወንድሜ ገጽ ላይ አበባ አልፈልግም» አሉ ቴቴ። «አንበሳ ይሁን።»

የኢሳኪ ጎሳ መለያ አንበሳ ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት እንኳ «ሹምባ» ይሉት ነበር፣ አንበሳ ማለት ነው።

«አንበሳ በኪሮሽ?» አለች ማይ ሙቻኔታ።

«ይኼ ሰውዬ አዞ ጥሎ የለም እንዴ? አንበሳ ያቅተዋል?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። እኔ ግን አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው። «አንበሳ ብቻ ነው ቴቴ?» አልኩ። «ከፈለጉ ሲያገሳ ላድርግልዎት።»

«አፉን ይዝጋ» አሉ ቴቴ። «አንተም አብረኸው።»

ሙቻኔታ ፎቶውን አመጣችው። ፊቱ የሚታይበት የኢሳኪ ፎቶ ይኼው አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ፎቶ አንሺ ባየ ቁጥር ሳቁ ይመጣበታል፤ በሌላው ፎቶ ሁሉ ወይ ጎንበስ ብሏል ወይ ዞሯል ወይ ጭጋግ ነው። ይሄኛውን ያነሳው የአውቶቡስ ተራው ፎቶ አንሺ ብትንቀሳቀስ በካሜራው እመታሃለሁ ብሎት ነው። ስለዚህ ኢሳኪ በግራጫው ካፖርት አውቶቡስ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሳቁ ጉንጩ ውስጥ ታፍኖ ፊቱ እንደ ተነፋ ዳቦ ሆኗል።

«ሳህዊራ፣ አደራ» አለችኝ ልጅቷ። «ፊቱን በራሴ አላስታውሰውም። አባቴ የምለው ይህን ፎቶ ነው። ይዤው ልሄድ ነው የምፈልገው።»

እናትየው ደግሞ ከኋላ አስጠነቀቀችኝ። «በአሚዶ ነው የምታጠነክረው። ሰማኸኝ? ስኳር እንዳይነካው።»

ይህንን ላስረዳ። ሳኩብቫ ውስጥ የሳሎን ዳንቴል ሁሉ የሚጠነክረው በስኳር ነው። ስኳር በውኃ ይፈላል፣ ዳንቴሉ ይነከራል፣ በሳህን ላይ ተወጥሮ ይደርቃል፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ቀጥ ይላል። ሲቆሽሽ ደግሞ ይታጠባል። ወረቀት ግን አይታጠብም። ለዚህ ነው ማይ ሙቻኔታ ለካርድ አሚዶ ካልሆነ የምትለው፤ በተለይ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ጉንዳን ሁሉ ጓዙን ይዞ በሚዞርበት ሰሞን።

አሚዶ ሰጥታኝም ነበር። ጥሩ ቆርቆሮ ሙሉ። ችግሩ፣ የቀብር መድን የሚሸጥ አንድ ሰውዬ በየሳምንቱ ደጄን እያንኳኳ «ጌታዬ፣ ስለ ሞትዎ አስበው ያውቃሉ?» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አሰብኩበት። ሱሪዬንና ሸሚዜን በዚያ ሁሉ አሚዶ ነክሬ አደረቅኋቸው፤ ያለ ሰው ራሳቸውን ችለው ቆሙ። በር ላይ አቆምኳቸውና ባርኔጣ ደፋሁባቸው፣ እኔ ከመጋረጃ ኋላ። ሰውየው መጥቶ ለሱሪዬ ስለ ሬሳ ሣጥን ዓይነቶች፣ ስለ አውቶቡስ፣ ለለቀስተኛ ስለሚቀርበው ምግብ በትዕግሥት አስረዳው። ሱሪው በጥሞና ሰማው። እስክሪብቶ ሲያቀብለው ባላስነጥስ ኖሮ ሊፈርምለት ነበር።

እንግዲህ አሚዶው እዚያ ሄደ።

ሐሙስ አንበሳውን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ጥርሷን ያመማት ድመት መሰለ፤ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ጎፈሩን በቀለበት በቀለበት አድርጌ ፊቱን ዙሪያ ከበብኩት፣ ለፎቶውም ክብ ክፈፍ ሠራሁለት፣ አንበሳው ክፈፉ አናት ላይ እንዲቀመጥ። ግን ሁለቱም ልፍስፍስ ናቸው። አንበሳው እንደ ሰከረ ዘበኛ አንገቱን ይጥላል። የአሚዶውን ቆርቆሮ ገልብጬ መታሁት፣ ዱቄት እንኳ አልወጣም። ማይ ሙቻኔታ ጋ ሄጄ «አልቋል» ልል አሰብኩ። «በምን አለቀ?» ትለኛለች። «ሱሪ አቁሜበት» እላለሁ። አልሄድኩም።

ስኳር አፈላሁ። እኔ ደግሞ ነገር ስሠራ በልክ አላውቅም፤ እንደ ድንጋይ ይቁም ብዬ ማንኪያው እስኪቆም አወፈርኩት። ከዚያ አንበሳ ነጭ አይሆንም አልኩና ቢጫ እንዲል የብርቱካን ሽሮፕ ጨመርኩበት። ሽሮፑም ያው ስኳር ነው። ሁለቱንም አንበሶች ከክፈፉ ጋር ነከርኳቸው፤ ድመት የመሰለውን መልሼ መስኮቴ ላይ አኖርኩት። እጄን ስልሰው ግሩም ነበር። ይህም ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ ፀሐይ አልወጣችም። ደመናው ከተራራው ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ፤ አንበሳው ከላይ ደርቆ ከሥር ያጣብቃል። ጣቴን ሳስጠጋው እጄን ጨብጦ አልለቅም አለኝ። በቃ ደርቋል አልኩ። ፎቶውን በኮላ ለጠፍኩ፣ ክፈፉን ዙሪያውን አስቀመጥኩ፣ አንበሳውን ከላይ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። አልበሙን ዘግቼ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወሰድኩት።

ማይ ሙቻኔታ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና የሳድዛ ድስት ታማስላለች። ሳድዛ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ሲማሰል ዘወር ተብሎ አይታይም።

«በአሚዶ ነው አይደል?»

«ታዲያ በምን?»

«ልየው።»

«እጅሽን እይ መጀመሪያ። ነገ ከሰው ጋር ታይዋለሽ።»

«እሺ፣ እንዳይጣመም ክብደት ነገር አድርግበት።»

ለስጦታ የመጡትን ድስቶች ሁሉ ደርድሬ ጫንኩበት። በሕይወቴ አንድ ትእዛዝ በትክክል የፈጸምኩት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መስኮቴን ስከፍት ያቺ ጥርሷን ያመማት ድመት ስትራመድ አየኋት። ወዳጆቼ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ቀስ እያለች፣ ራሷን ከፍ አድርጋ ትሄዳለች። ለአንድ አፍታ በእጄ ሥራ ኮራሁ። ቀረብ ስል ከሥሯ ጉንዳን ጥቁር ሆኖ ተሸክሟታል፤ ከፊት የሚመሩ አሉ፣ ከጎን የሚደግፉ አሉ፣ እኔ ከማውቃቸው ቀብሮች ብዙዎቹ ይህን ያህል ሥርዓት አልነበራቸውም። ከዚያ ትዝ አለኝ። የዚህች ድመት ታናሽ ወንድም ኢሳኪ ራስ ላይ ተቀምጧል።

በአንካሳ እግሬ ሮጥኩ። ግቢው በር ላይ ጎረቤታችን ማይ ቶቢያስ የሳድዛ ማማሰያ እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከውስጥ ከበሮና ዘፈን ይሰማል።

«ወዴት ነው?»

«አልበሙን አንዴ ልየው።»

«ወንድ አይገባም።»

«እኔ ወንድ አይደለሁም፣ ሳህዊራ ነኝ።»

«ጢምህ ሌላ ይላል።»

«ማይ ቶቢያስ፣ ሰው ልትጎጂ ነው።»

«ብትገፋኝ አዎ» አለችና ማማሰያውን አወረደች።

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የኢሳኪን ካፖርት ከግድግዳው አውርጄ ለበስኩ። ሳህዊራ ሟቹን ሆኖ ሲመጣ የሚያግደው የለም፤ ይህ ለልቅሶ የተሰጠ መብት ነው፣ ለጓዳ ድግስ ሲሠራበት ሰምቼ አላውቅም፣ ግን አይሠራም ሲሉም አልሰማሁም። እንደ ኢሳኪ ተረከዜን እየጎተትኩ፣ እንደ ኢሳኪ ሁለቴ አስዬ፣ እንደ ኢሳኪ ሆዴን አስቀድሜ መጣሁ። ሆድ ስለሌለኝ ካፖርቱን አስቀደምኩ።

«ማይ ቶቢያስ» አልኳት በእሱ ድምፅ፣ «የልጄ ድግስ ላይ ታግጂኛለሽ? ያንን መጥረጊያዬን እኮ ከተዋስሽው ወዲህ እኔ ሞቻለሁ፣ እሱ አልተመለሰም።»

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። አጥሩን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ስትስቅ በአጠገቧ አለፍኩ።

ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ሙቻኔታ ራሷን በሻሽ ተሸፍና፣ ከጎኗ ቴቴ አልበሙን ጭናቸው ላይ ይዘው። ፕላስቲኩ ተፈቷል። «አይከፈት» አልኩ። ቴቴ ቀና ብለው አዩኝ፣ ካፖርቱን አዩ፣ አፋቸው ተከፈተ። እጃቸውም አብሮ ከፈተ።

ጭርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቁስል ላይ የደረቀ ፕላስተር ሲላጥ ዓይነት። ከዚያ ጉንዳኑ ወጣ። አዳሩን በጨለማ ጠባብ ቦታ ስኳር ሲበላ ቆይቶ ድንገት ፀሐይ የመታውን ጉንዳን ቁጣ ልነግራችሁ አልችልም። ግማሹ ወደ ሙሽራዋ ሻሽ፣ ግማሹ ወደ ቴቴ ቀይ ሸሚዝ ገባ። ቴቴ ፌሊስታስ ተነሥተው በአንድ እግር ዘለሉ፣ በሌላው ዘለሉ፣ ትከሻቸውን አራገፉ። ከበሮ የምትመታዋ ሴት አዲስ ጭፈራ መስሏት ምቱን አፈጠነች። ከኋላ ያሉት እልልታውን አቀለጡት። አንዲት አሮጊት «እንደ ልጅነቷ ናት» ብለው አደነቁ። ከበሮው የቆመው ጉንዳኑ ከበሮ መቺዋ ዘንድ ሲደርስ ነው።

ግቢው ጸጥ ሲል ሙቻኔታ አልበሙን ከመሬት አነሣችው። አራገፈችው። የመጀመሪያውን ገጽ አየች። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ክፈፉ አለ፣ አንበሳው ግማሽ አለ፣ አውቶቡሱ አለ፣ ግራጫው ካፖርት አለ። ከካፖርቱ በላይ ነጭ ነው። ፊት የለም።

«ፊቱ የት ሄደ?» አለች።

እኔ ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ፤ ጉንዳኖቹ ለንግሥታቸው ሳሎን ሊሰቅሉት ወስደውት ነው የሚል ጥሩ ታሪክ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«አሚዶው አልቆ ነበር» አልኩ። «በስኳር ነው ያደረግኩት።»

«በምን አለቀ?» አለች ማይ ሙቻኔታ።

«ሱሪ አቁሜበት።»

«ሱሪ?»

«ሱሪ።»

ማይ ሙቻኔታ ገጹን ብቻ ታያለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ገጹን ብቻ ታያለች። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከአልበሙ አንሥታ ወደ እኔ አዞረች። ፎቶውን አየች፣ ካፖርቴን አየች።

«ያ ካፖርት ይኼ ነው?»

«ራሱ ነው።»

«እንግዲያው እንደሱ ይቁሙልኝ። እንዴት ነበር የሚቆመው?»

እልፍ ሰው ፊት ቀልጃለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን እሷ ብቻ ናት። ቆምኩ። ትከሻዬን ወደ ኋላ አደረግኩ።

«ሰፋ በል እንጂ» አለች ማይ ሙቻኔታ ቀስ ብላ። «እሱ በር ሲገባ በሩ ይጠብ ነበር።»

«በምን ልስፋ? ሥጋ አበድሪኝ።»

«አየር ሳብ።»

ሳብኩ። ጉንጬን ነፋሁ፣ እንደ ፎቶው።

«ሲስቅ ጉልበት ይመታ ነበር» አለች ማይ ቶቢያስ ከበሩ። «የራሱን ግን አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው። ከእሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ሁለት ቀን አነክስ ነበር።»

«እጁን ደግሞ ወደ ኋላ ያጣምራል።»

«ወደ ኋላ አይደለም፣ ኪሱ ውስጥ ነው። ኦቾሎኒ ይፈልጋል።»

እኔም እጄን አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ኪስ። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ኢሳኪ አላት፤ አንዷ ስትገፋኝ ሌላዋ ትጎትተኛለች። ኪሴ ውስጥ እውነትም የአንድ ኦቾሎኒ ልጣጭ አገኘሁ፤ ከእሱ ይሁን ከእኔ አላውቅም፣ ከእሱ ነው ብዬ አሳየሁ።

ከጥግ ብብታቸውን የሚያኩት ቴቴ ተናገሩ። «አፍንጫውን ረሳህ። ዋሽቶ ሲጨርስ አፍንጫውን ያሽ ነበር።»

«ቴቴ፣ ኢሳኪ እኮ አይዋሽም ነበር» አልኩ።

«ታዲያ አንተን ማን አስተማረህ?»

አፍንጫዬን አሸሁ። ሙቻኔታ ሳቀች። እንደ ሙሽራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አይደለም፤ ወደ ኋላ ተለጥጣ ነው። እየሳቀች እጇን ዘርግታ አጠገቧ የተቀመጡትን አሮጊት ጉልበት በጥፊ አጮለችው።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያሹ ማይ ሙቻኔታን አዩ። ማይ ሙቻኔታ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ልጅቷ።

ቴቴ ፌሊስታስ ነገሩ ወደ ለቅሶ እንዳይሄድ ፈሩ መሰለኝ። «በቃ» አሉ፣ «ሥርዓት ይያዝ። ምክሬን አነባለሁ።» አልበሙን ተቀበሉ፣ ከአባትየው ገጽ ፊት ለፊት ያለውን የራሳቸውን ገጽ በመሐረባቸው ጠራረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። አላነበቡም። መሐረቡ ከእጃቸው ወደቀ።

እዚያ ነበር። አልበሙ ድስት ተጭኖት ሲያድር የኢሳኪ ፊት በእኔ ስኳር ተጣብቆ ከፎቶው ላይ ተላጧል፤ ላጥ ብሎ የሄደው ደግሞ ወደ እህቱ ገጽ ነው። ትንሽ ደብዝዟል፣ ግራና ቀኙ ተገልብጧል፣ አንድ የዘገየ ጉንዳን ጢሙ ላይ ይሄዳል። ቴቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «በባልሽ ዘመዶች ፊት ጮክ ብለሽ አትሳቂ» ብለው የጻፉት ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ኢሳኪ ጉንጩን ነፍቶ ሳቁን አፍኖ ተቀምጧል።

«ዕድሜ ልኩን ስናገር እንዳቋረጠኝ» አሉ ቴቴ። «ይኸው፣ አሁንም።»

ማይ ሙቻኔታ ጎንበስ ብላ አየችው። «ጠባሳው በግራ ቅንድቡ ላይ ነበር። ወደ ቀኝ ሄዷል።»

«ከዚያ ወገን ሆኖ እያየን ነው» አለች ማይ ቶቢያስ።

እኔ ጥፋቴን ላቃልል ቸኮልኩ። «በሞቀ ውኃ ቀስ ብዬ ባላቅቀው ወደ ቦታው...»

«እጅዎን ወዲያ» አለች ሙቻኔታ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቴቴዋን ድምፅ ሰማሁባት። አልበሙን ከቴቴ ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። «ማንም እንዳይነካው። እዚያው ይቀመጥ። ቴቴ፣ ምክርዎን ሌላ ገጽ ላይ ይጻፉልኝ።»

ቴቴ አፍንጫቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ፤ ያ ሸሚዝ እንደዚያ ሲጨማደድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «አልጽፍም» አሉ። «እኔ ጽፌያለሁ፣ እሱ መልሷል። አንቺ መካከላችን ሆነሽ ትዳኚያለሽ።»

የሚቀጥለውን ሳምንት በማይ ሙቻኔታ ወጥ ቤት ተቀምጬ አዲስ ክፈፍ ሠራሁ፤ አሚዶውን ራሷ በማንኪያ እየለካች፣ ቴቴ ሱሪዬን እየጠበቁ። አንበሳ አልተፈቀደልኝም። የተረፈው ግማሽ አንበሳ ስኳሩ እንዲለቅ በውኃ ሲነከር ጎፈሩ ተፈታ፣ እግሩ ተፈታ፣ በመጨረሻ ያው የጀመርኩበት ክር ሆኖ ተገኘ። ስለ ሙያዬ ከዚህ በላይ እውነት የተናገረ የለም።

ሙቻኔታ አልበሙን ይዛ ወደ ባሏ አገር ሄደች። ቴቴ ሊጠይቋት ግዌሩ ደርሰው ሲመለሱ ወሬ ይዘውልኝ መጡ። አማቷ አልበሙን ከፍታ «ምክሩ ላይ የሚስቀው ማነው?» ብላ ጠይቃታለች። «አባቴ» ብላታለች። «ታዲያ ይኼ ፊት የሌለው ባለ ካፖርትስ?»

«እሱም አባቴ ነው» አለቻት አሉ። «ፊቱን ማየት ከፈለጉ ሙታሬ ውስጥ የሚያሳይ ሰው አለ። ስኳር ብቻ እንዳያስነኩት።»

አማትየው ለፋሲካ ልትመጣ ነው ተብሏል። ካፖርቱን አውጥቼ አራግፌ በሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አየር እየሳብኩ ትከሻዬን አሰፋለሁ። ትላንት የቀብር መድኑ ሰውዬ መጥቶ ካፖርቱን በትሕትና ሰላም አለው፤ እኔን አላየኝም።